የፋይ ግራ ጉንጭ

«ግራውን ነው እንጂ! ቀኙማ እንደ እኔና እንዳንቺ ጉንጭ ነው፤ ምን ያውቃል?»

ራምፓይ ይህን የሰማችው ደረጃው መሃል ላይ ሆና ነው፤ በአንድ እጇ የልጇን የሆስፒታል ካርድ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዛ። ድምፁ የሞተረኛው የቶንግዲ ነበር። ቶንግዲ ማንሾካሾክ አልፈጠረበትም፤ ምስጢር ሲያወራ ከቦዩ ማዶ ያሉት ሰዎች መልስ ይሰጡታል። ቀሪውን ደረጃ ወርዳ መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ፣ የሰባት ዓመቷ ልጇ ፋይ ከአክስቷ የሎተሪ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ቀዩ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ጉብ ብላለች። ግራ ጉንጯ በሕፃን ፓውደር ነጭ ሆኗል። ቶንግዲ የስልኩን መብራት አስጠግቷል፣ የተጠበሰ ሙዝ የምትሸጠው ጎረቤታችን አንገቷን አስግጋለች፣ የራምፓይ ታላቅ እህት ሶምሲ ደግሞ ፓውደሩን በአውራ ጣቷ በቀስታ ታሻለች፤ ሰው ሁሉ ቤተ መቅደሱ ጓሮ ያለውን አሮጌ ዛፍ ግንዱን እያሸ ቁጥር እንደሚፈልግበት።

«ስምንት!» አለ ቶንግዲ።

«ሦስት ነው። አንተ ሁሌም ግማሹን ነው የምታየው» አለች ሙዝ ሻጯ።

«ስምንት ሦስት ይሁና፤ ምን ያጣላናል?» አለችና ሶምሲ ቀና ስትል ከእህቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠመች። ፋይ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ፎቶ እንደምትነሳ ትንፋሿን ውጣ፣ ጉንጯን ለመብራቱ ሰጥታ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ምኑ?»

«ዛሬ ሆስፒታል እንደምንሄድ እያወቅሽ!»

«ታዲያ ሳትሄዱ ነው እንጂ፣ ከሄዳችሁ በኋላ ምኑን ላሽ?» አለች ሶምሲ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ዛሬ አሥራ ስድስት ነው። ሎተሪው ሳይወጣ ነው እንጂ ከወጣ በኋላ ማን ይመጣል?»

«ዶክተሮቹም ይጫወታሉ እኮ» አለ ቶንግዲ ነገሩን ሊያበርድ። «ስምንት ሦስት በያቸው። ከኔ ነው እንዳትያቸው ብቻ፤ የሞተር ታርጋ የሌለኝ ሰው ነኝ።»

ማንም አልሳቀለትም። ራምፓይ ልጇን በክንዷ ይዛ አስነሣቻት። «ልጄ ዛፍ አይደለችም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሙዝ ሻጯ ግን ዓይኗን ወደ ምጣዷ መለሰች። ሶምሲ የፋይን ጠጉር ከግራ በኩል ፈትታ፣ ጉንጩን ሸፈን እንዲያደርግ አድርጋ እንደገና ጎነጎነችው፤ ይህን ሳታደርግ ልጅቷን ከቤት አውጥታ አታውቅም። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ መጨረሻው ሰማንያ ሦስት የሆነ አንድ ትኬት ነቅላ ራምፓይ ቦርሳ ውስጥ ወሸቀችው። መቶ ባት የምትሸጠው ነው። «ለመንገድ» አለች።

እኛ ሰፈር ይህን ጉንጭ የማያውቅ የለም። ልጅቱ ስትወለድ ሞላ ያለች፣ የምታስጎመጅ ሕፃን ነበረች፤ ያልቆነጠጣት ሰው የለም፤ እኔም እጄ የለበትም አልልም። ቆይቶ ግን ቀኙ ጉንጯ እንደ ማንኛውም ልጅ ሲሆን ግራው እየከበደ፣ የከንፈሯን ጫፍ ወደ ታች እየጎተተ፣ በዚያ በኩል ያሉት ጥርሶቿም ከቀኞቹ ቀድመው እየበቀሉ ሄዱ። ቆንጣጮቹ ጠፉ። ከሁለት ዓመት በፊት ቶንግዲ ለቀልድ ብሎ ጉንጯን ዳበሰና በነጋታው የዳበሰው ቁጥር ወጣለት፤ እሱን ተከትለው የገዙ ሦስት ሰዎችም ደረሳቸው። ያን ዕለት ለዛፉ እንደሚደረገው ሁሉ ስትሮ የተሰካበት ቀይ ለስላሳ በአበባ ጉንጉን አስረው አመጡላት። ከዚያ ወዲህ ቁጥር በወጣ ቁጥር ቀይ ለስላሳ፣ ባልወጣ ጊዜ ደግሞ «በደንብ አላሸነውም» ሆነ። ፋይ ትምህርት ቤት ውስጥ የክፍሉ ፎቶ ሲነሳ ከዳር ትቆማለች፣ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር ትቀመጣለች፣ ጀልባ ላይ ግራዋን ወደ ውሃው ታዞራለች። በዓለም ላይ ግራ ጉንጯን ወደ ሰው የምታዞርበት ቦታ ያቺ ቀይ በርጩማ ብቻ ናት።

ወንዙን በአምስት ባት ጀልባ ተሻገሩ። ዝናቡ ሊመጣ ሊመጣ ይልና ይተዋል። ራምፓይ መቀመጥ አልቻለችም፤ ባዶ ወንበር እያለ ተነሥታ ብረቱን ይዛ ቆመች፣ ደግሞ ተቀመጠች፣ ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ አየችና መለሰችው። ቤት ውስጥ ስልሳ ሁለት የተማሪ ሸሚዞች ተቆልለው ስም ይጠብቃሉ። ራምፓይ ሥራዋ በተማሪዎች ሸሚዝ ደረት ላይ በሰማያዊ ክር ስም መጥለፍ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት እህል ውሃ የምትልበት ጊዜ የላትም። ያለፈውን ቀጠሮ በዚሁ ሥራ አሳብባ ቀርታለች፤ የፊተኛውን ደግሞ በዝናብ። ለእህቷ፣ በደቡብ የጎማ ዛፍ እርሻ ላይ ለሚሠራው ባሏ፣ ለእኛም ለጎረቤቶቿ የነገረችን ይህንን ነው። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሐኪሟ ባለፈው ዓመት «ከተቆረጠ ፈገግታዋ ሊቀር ይችላል» ያለቻትን ፈርታ ነው።

«እማ፣ ስምንት ሦስት ነው አይደል?» አለች ፋይ፣ ፊቷን ከውሃው ሳታዞር።

«እኔ አላውቅም።»

«አክስቴ ስታሸው እኔም ይሰማኛል። ስምንቱ ክብ ክብ ነው የሚለው።»

ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው እንደ ዓሣ ገበያ ነው። የተራ ወረቀታቸው አርባ ሰባት ነበር። ሶምሲ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ መጀመሪያ ደረሳችሁ ወይ ብላ፣ ቀጥሎ ልጅቷ በልታለች ወይ ብላ፣ በሦስተኛው ደግሞ «የተራ ቁጥራችሁ ስንት ነው?» አለች። ራምፓይ ስልኩን ዘጋችው። ከበር ላይ በገዛችው፣ እንጨት ላይ በተሰካ የተጠበሰ ሥጋና የተጣበቀ ሩዝ ልጇን አበላች፤ ባለ አሥር ባቱ እንጨት አሥራ ሁለት ገብቷል።

ተራቸው ሲደርስ አንዲት ወጣት ነርስ ልጅቷን ለፎቶ ልታዘጋጃት ወሰደቻት። ጠጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ በእርጥብ ጥጥ ጉንጯን ስትጠርግ ጥጡ ነጭ ሆነ። «ሽፍታ ወጥቶባት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ» አለች ራምፓይ።

«አይደለም» አለች ፋይ። «ለቁጥር ነው። ዛሬ ስምንት አለው።»

ነርሷ ከት ብላ ሳቀች። ራምፓይ የምትገባበት ጉድጓድ አጣች። ፎቶው ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ ተነሣ። ሲወጡ ነርሷ በሩ ላይ ጎንበስ አለችና የፋይን ቀሚስ ያስተካከለች መስላ በጆሮዋ «ስምንትና ስንት?» አለቻት።

ሐኪሟ ዶክተር ፓቻሪ ሽበት ጣል ጣል ያለባት፣ ሲያወሯት ብዕሯን የምታስቀምጥ ሴት ናት። የቆዩትን ራጆችና ያሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ አየች። «ካንሰር አይደለም፤ ይህን ደግሜ እነግርዎታለሁ» አለች። «ስብ ነው። እንዲህ ያለው በጣም ጥቂት ልጆች ላይ ነው የሚታየው። ክፉ አይደለም፤ ግን ቦታ አያውቅም። እንደ እንቁላል ከረጢት ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ በግማሽ ሰዓት ነበር የማወጣው። ይሄ ጡንቻው መሃል ገብቷል፤ አጥንቱም ከሱ ጋር አብሮ እየወፈረ ነው። ሁሉንም አወጣለሁ ብል ፈገግ የሚያደርጋትን ነርቭ እቆርጣለሁ። ስለዚህ የተወሰነውን እንቀንሳለን። ካደገች በኋላ ደግሞ እንደገና ሊያስፈልግ ይችላል፤ ተመልሶ ይሞላልና።»

ራምፓይ እያዳመጠች የገዛ ጣቷን ታያለች። ስም ተሳስታ የጠለፈች ዕለት ፊደሉን በመርፌ ጫፍ፣ አንድ በአንድ፣ ሸሚዙ እንዳይቀደድ እየሰጋች ትፈታዋለች። ሲያልቅም ጨርቁ ላይ የመርፌው ቀዳዳዎች ይታያሉ። «ነርቩስ?» አለች።

«እንጠነቀቃለን። እንደዚህ ላሉ ልጆች ሠርቻለሁ። ግን ምንም አይሆንም ብዬ አልዋሽዎትም። ለጥቂት ወራት ከንፈሯ ሊሰንፍ ይችላል፤ በጥቂቶች ላይ እንደዚያው ይቀራል። ብንጠብቅ ደግሞ መንጋጋዋ እየተጣመመ ነው፤ ጥርሶቿን ያዩዋቸዋል።» ዶክተሯ ብዕሯን መልሳ አነሣች። «ነገ ቀዶ ጥገና የምሠራለት ልጅ ትናንት ትኩሳት ይዞት ወደ ቤቱ ተመለሰ። አልጋው ባዶ ነው። ከፈለጉ ዛሬ ትተኛ። ካልሆነ ቀጣዩ የካቲት ነው። ስም ዝርዝሩ ስምንት ሰዓት ላይ ይላካል፤ እስከዚያ ይወስኑ።»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺስ የኔ እመቤት፣ ምን ትያለሽ?»

«ስብ ብቻ አይደለም» አለች ፋይ። «ቁጥር ያውቃል።»

«እህ?»

«ከቆረጣችሁት ሰዎቹ በምን ያያሉ? አጎቴ ቶንግዲ ሞተሩን ሊያሠራ ነው። ደግሞ አክስቴ ጋ ማንም አይመጣም። እኔ ጋም አይመጡም።» የመጨረሻዋን ቃል ስትል ጉንጯን በመዳፏ ሸፈነችው።

ዶክተሯ አልሳቀችም። ራምፓይ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጄን ሰው በደላት ነበር የምትለው፤ ልጅቷ እዚያች በርጩማ ላይ ንግሥት መሆኗን አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ለባሏ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም፤ ዛፎቹ መሃል ሲገባ ሁሌም እንዲያ ነው። ለሶምሲ ደወለች።

«ዛሬ?» አለች ሶምሲ። ከጀርባዋ የቶንግዲ ድምፅ ይሰማል። «ምን ያጣድፍሻል? ሰባት ዓመት የኖረ ነገር ለሁለት ሰዓት አይቆይም? ቁጥሩ ይውጣና፣ ከዚያ...»

«ከዚያ ምን? ከወጣ ታስቆርጫታለሽ?»

የሙዝ ሻጯ ዘይት ሲንጫጫ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር።

«እኔም ራሴን ፈርቼ ነው፣ እትዬ» አለች ራምፓይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትኬቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከወጣ እኔም እጄ አይፈርምም። አውቀዋለሁ እጄን።»

መልስ ሳትጠብቅ ዘጋችው። ወደ ልጇ ስትመለስ ፋይ አግዳሚው ላይ እግሯን እያወዛወዘች ጠበቀቻት። «እማ፣ ስምንት ሦስት ከወጣ አይቆርጡትም፤ እሺ? ካልወጣ ይቁረጡት። እሺ በይ።»

ራምፓይ ዓይኗ ግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር። ሰባት ሰዓት ከሃምሳ። «እሺ» አለች። ምን እሺ እንዳለች የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በሩን ከፍታ ገባች፣ ወረቀቱን ጠየቀች፣ ነርሷ በጣቷ ባሳየቻት ቦታ ሁሉ ፈረመች። ሦስት ቦታ ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሆስፒታሉ ጸጥ አለ። ይህን ያላየ ሰው አያምንም፤ የሚያቃስተው እንኳ ለጊዜው ያቆማል። በየአግዳሚው፣ በየመድኃኒት መስኮቱ፣ በጥበቃዎቹ ወንበር ስልኮች ተከፍተው የሎተሪ ቁጥር አንባቢዋ ድምፅ በሁሉም አቅጣጫ ይመጣል። ራምፓይ ፋይን ከነርሶቹ ጋር አልጋ ላይ ትታ ወደ ደረጃው ሮጠች፤ እዚያም የጽዳት ሠራተኞች ስልክ ከበዋል። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች። ውጭ «የመጨረሻዎቹ ሁለት...» ሲባል ሰማችና ሦስቱንም ቧንቧ እስከ ጥጉ ከፈተቻቸው። ውሃው እየጮኸ፣ እጇን ሳትታጠብ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት እያየች ብዙ ቆመች። ስትወጣ ሰው ሁሉ ወደ በሽታው ተመልሷል።

ሶምሲ የመጣችው አመሻሹ ላይ ነው፤ ዝናቡ ትከሻዋን አርሶታል። የአበባ ሥዕል ያለባትን የገበያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የአልጋውን ቁጥር ሳትጠይቅ ሰተት ብላ ገባች። ፋይ ነጭ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች። ዶክተር ፓቻሪ ከመሄዷ በፊት ነገ የምትቆርጥበትን ቦታ በሰማያዊ ብዕር ስላበታለች፤ ከጆሮዋ ሥር ተነሥቶ የሚታጠፍ መስመር፣ ከከንፈሯ አጠገብ ነጠብጣብ። ሶምሲ ጎንበስ ብላ አየችው። በሕይወቷ ከድመት ጭረት፣ ከሩዝ ቃጠሎ፣ ከሰው ጥላ ላይ ቁጥር ስታነብ የኖረች ሴት ናት። አሁን ግን ረዥም ጊዜ አየችና ምንም ሳታነብ ቀና አለች። ማበጠሪያ አወጣች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ የፋይን ጠጉር ከግራ በኩል መፍታት ጀመረች።

ራምፓይ ልብሱን ልታወጣ ሶምሲ ያመጣችውን ቦርሳ ከፈተችው። የሌሊት ልብስ፣ ፎጣ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጎማ ጫማ። ከሥር፣ በፎጣው ተጠቅልሎ፣ ቀይ ለስላሳ አለ። አንገቱ ላይ የጃስሚን ጉንጉን ታስሮበታል፤ ስትሮውም ከጎኑ ነው። ጉንጉኑ ገና ትኩስ ነበር።

እጇ እዚያው ቀረ።

«አክስቴ» አለች ፋይ፣ «ስምንት ሦስት ወጣ?»

ሶምሲ ማበጠሯን አላቆመችም። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እማ ከወጣ አይቆርጡትም ብላኛለች።»

ሶምሲ ያኔ ቀና ብላ እህቷን አየች። ራምፓይም አየቻት። ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ እናታቸው ከሞተችበት ቀን ወዲህ፣ ብዙ ነገር እንዲህ በዝምታ ተነጋግረዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አንዳቸው ስትቆጣ ነው። ራምፓይ የቦርሳውን ዚፕ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«አልወጣም» አለች ሶምሲ።

በዚህ መሃል ያቺ የጠዋቷ ነርስ የሙቀት መለኪያዋን ይዛ፣ ፊቷ እንደ በዓል መብራት እያበራ ገባች። «ሚጢጢዬ! አንቺ ልጅ እኮ...»

«አልወጣልንም፣ እህቴ» አለች ሶምሲ፣ ከወትሮው ድምፅዋ ከፍ አድርጋ። «ሰባ ስድስት ነው አይደል የወጣው?»

ነርሷ ሶምሲን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ሰማያዊውን መስመር አየች። «አዎ» አለች በመጨረሻ። «ሰባ ስድስት። እኔም አልደረሰኝ።» ብላ መለኪያውን ብብቷ ውስጥ ከተተችላት።

«ትኬቱ የት ነው ያለው?» አለች ሶምሲ ወደ ራምፓይ ሳትዞር። «ካልወጣ ምን ያደርግልሻል፤ ጣይው እንጂ።»

ሽልማቱ ሁለት ሺህ ባት ነው። የራምፓይ የሃምሳ ስልሳ ሸሚዝ ድካም። ከቦርሳዋ አወጣችው፣ አንድ ጊዜ አጠፈችው፣ ፋይ እያየቻት አልጋው ሥር ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ፣ ያገለገለ ጥጥ ላይ ጣለችው። ሦስቱ ሴቶች ቅርጫቱን ተመለከቱ። የነርሷ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አላውቅም።

«ስለዚህ ዶክተሯ እንዳለችው ነው» አለች ፋይ ካሰበች በኋላ። «ስብ ብቻ ነው።»

«ስብ ብቻ ነው» አለች ሶምሲ።

«ታዲያ ነገ ከቆረጡት በኋላም እናንተ ጋ መቀመጥ እችላለሁ? በርጩማው ላይ? ቁጥር ባይኖረውም?»

«በርጩማው ያንቺ ነው። ማን ሊቀመጥበት ነው? ቶንግዲ ቢቀመጥበት ይሰበራል።»

ፋይ ሳቀች። በቀኝ በኩል ሙሉ ሳቅ፣ በግራ በኩል ደግሞ ከንፈሯ እስከቻለ ድረስ። ራምፓይ ያንን ሳቅ ልክ እንደ ስም ፊደል በፊደል አየችው፤ ነገ ምን እንደሚሆን አታውቅምና።

የጽዳት ሠራተኛዋ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ቅርጫቱን አነሣች፣ ጥቁሩ ፌስታል ውስጥ ገለበጠችው። ሶምሲ ከአልጋው ጠርዝ ግማሽ ብድግ አለች።

«ምን ፈለግሽ፣ አክስቴ?» አለች ፋይ፣ ዓይኗ ሊከደን ሲል።

«ምንም። እግሬ ደንዝዞኝ ነው።» ተመልሳ ተቀመጠች። የጋሪው ጎማ ሲጥ ሲጥ እያለ በኮሪደሩ ራቀ።

ፋይ ወደ ግድግዳው ዞራ ልትተኛ ነበር፤ ከዚያ እንደገና ተገላብጣ ግራ ጉንጯን ወደ እነሱ አድርጋ ተኛች። ራምፓይ ቦርሳውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር አስገባችው። ጠርሙሱ ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጭቶ ቅጭል አለ። ሁለቱ እህትማማቾች አንዳቸው ሌላቸውን አላዩም።